ጥቁር ኃይል ከተዳከመ ስትሪንግ ንድፈ ሐሳብ ተረጋገጠ ማለት ነው?

ጥያቄው፦ «የጽንፈ ዓለምን መስፋፋት የሚያፋጥነው ጥቁር ኃይል እየተዳከመ ሊሆን እንደሚችል በቅርብ ዓመታት ተዘግቧል። ስትሪንግ ንድፈ ሐሳብ ደግሞ ጥቁር ኃይል ሳይለወጥ ለዘላለም ሊኖር አይችልም እንደሚል አንብቤአለሁ። ታዲያ ንድፈ ሐሳቡ ተረጋገጠ ማለት ነው? በሌላ በኩል ይኸው ሕግ በጽንፈ ዓለም መጀመሪያ ላይ ተከሰተ የሚባለውን እጅግ ፈጣን መለጠጥ፣ ማለትም ግሽበትን፣ ይከለክላል የሚሉ አሉ። አንድ ሕግ በአንዱ ዘመን ምስክር፣ በሌላው ከሳሽ የሚሆነው እንዴት ነው?»

አልተረጋገጠም፤ በዚህ መንገድም ሊረጋገጥ አይችልም። ሁለተኛው ጥያቄዎ ግን ከመጀመሪያው ይልቅ የነገሩን ሥር የሚነካ ነው። ሕጉ በእርግጥም አንድ ነው፤ የሚለካውም በአንድ ቁጥር ነው። ያ ቁጥር ለዛሬው ጽንፈ ዓለም ሲሰላ ከምልከታ ጋር ለጥቂት ይቀራረባል፤ ለግሽበቱ ዘመን ሲሰላ ግን ከአሥር እጥፍ በላይ ይስታል። ዜና የሚሆነው የመጀመሪያው ነው። በእኔ ግምት የሕጉን ዕጣ የሚወስነው ሁለተኛው ነው።

በመጀመሪያ ቁጥሩን እንወቀው። ባዶ የምንለው ሕዋ ራሱ ኃይል አለው። ይህ ኃይል ከአንድ መስክ የሚመነጭ ከሆነ መስኩን ኮረብታ ላይ እንደተቀመጠ ኳስ ማሰብ ይቻላል፤ የቦታው ከፍታ የኃይሉን መጠን፣ ቁልቁለቱ ደግሞ ኃይሉ የሚቀንስበትን ፍጥነት ይነግረናል። ኳሱ ሸለቆ ውስጥ ካረፈና የሸለቆው ወለል ከዜሮ በላይ ከሆነ ኃይሉ ከቶ አይቀንስም። አንስታይን በ1917 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በቀመሩ ውስጥ ያስገባው ቋሚ ቁጥር ከዚህ ጋር እኩል ነው፤ እንዲህ ያለ ቋሚ ኃይል ብቻ ያለበትን ጽንፈ ዓለም «ደ ሲተር» እንለዋለን። ኳሱ ተዳፋት ላይ ካለ ግን ኃይሉ ቀስ እያለ ይወርዳል። ቁልቁለቱን በከፍታው ስናካፍል፣ የመስኩንም ጉዞ በፕላንክ አሃድ፣ ማለትም ከተፈጥሮ ቋሚ ቁጥሮች በተሠራ መለኪያ፣ ስንለካ፣ አንድ ንጹሕ ቁጥር ይወጣል። ከዚህ በኋላ «የተዳፋት ጥምርታ» እለዋለሁ። ዜሮ ከሆነ ኃይሉ ቋሚ ነው፤ ከ1.41 በላይ ሆኖ ከዘለቀ ደግሞ ኳሱ እጅግ ስለሚፈጥን መስፋፋቱ እየተፋጠነ ሊቀጥል አይችልም።

ስትሪንግ ንድፈ ሐሳብ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው? ንድፈ ሐሳቡ ቅንጣቶች ሁሉ በጥልቀት ሲታዩ ጥቃቅን ክሮች ናቸው ይላል። ሒሳቡ የሚሠራው በአሥር ዳይሜንሽን (አቅጣጫ) ነው፤ ዘጠኙ የቦታ፣ አንዱ የጊዜ። ከምናያቸው ሦስት የቦታ ዳይሜንሽኖች ውጭ ያሉት ስድስቱ ተጠቅልለው እጅግ ጥቃቅን ሆነዋል ይባላል። የእነዚህ ጥቅሎች ስፋትና ቅርጽ ግን አስቀድሞ የተወሰነ አይደለም፤ ሊለዋወጥ ይችላል። ሊለዋወጥ የሚችል እያንዳንዱ ስፋት እኛ ካለንበት ሆኖ ሲታይ አንድ መስክ፣ ማለትም አንድ ኳስ ነው። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ጥቅሎቹ ያለ ልክ ሲሰፉ ወይም ክሮቹ እርስ በርስ የሚሳሳቡበት ብርታት ወደ ዜሮ ሲወርድ፣ የባዶው ሕዋ ኃይልም አብሮ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ስለዚህ ሒሳባችን በሚታመንበት ክልል ሁሉ የሚታየው ቁልቁለት ነው። ዲን እና ሳይበርግ ይህን ያስተዋሉት በ1985 ነው። ማልዳሴና እና ኑኜዝ በ2000 ያቀረቡት ሥራ ደግሞ ጠበቅ ያለ ነበር፤ የተለመዱትን ቅመሞች ብቻ ይዞ፣ ያለ ኳንተም እርማትና አሉታዊ ውጥረት ያላቸው ነገሮች ሳይጨመሩ፣ ደ ሲተር መሥራት እንደማይቻል አሳዩ።

ያልተለመዱት ቅመሞች ሲጨመሩስ? በ2003 ካችሩ፣ ካሎሽ፣ ሊንዴ እና ትሪቬዲ አንድ ዘዴ አቀረቡ። የጥቅሎቹን ቅርጽ ልክ እንደ መግነጢሳዊ መስክ ባሉ ፍሰቶች ያስራሉ፤ ጠቅላላ ስፋቱን በኳንተም ውጤቶች ይቆልፋሉ። እስከዚህ ድረስ የተገኘው ሸለቆ ከዜሮ በታች ነው። በመጨረሻ ፀረ-ብሬን የሚባል ነገር ጨምረው ሸለቆውን ከዜሮ በላይ ብቅ ያደርጉታል። የፍሰቶቹ አማራጭ ብዛት ከ1 ቀጥሎ 500 ዜሮዎች ተደርድረው ይጻፋል የተባለለትን የመፍትሔ ብዛት የወለደ ሲሆን፣ «ስትሪንግ ንድፈ ሐሳብ ሁሉንም ይፈቅዳል» የሚለው ቅሬታም የመጣው ከዚህ ነው። የመጨረሻው እርምጃ፣ ማለትም ሸለቆውን ማንሳቱ፣ ዛሬም ያከራክራል። ከ20 ዓመታት በላይ ቆይቶ፣ በ2024፣ ማክአሊስተር፣ ሞሪትዝ፣ ናሊ እና ሻክነር በዝርዝር የተሰሉ እጩ ምሳሌዎችን አቀረቡ። እጩ ናቸው፤ ያላሰሏቸው እርማቶች ሸለቆውን ሊያፈርሱት እንደሚችሉ ራሳቸው ደራሲዎቹ አልደበቁም።

ካምሩን ቫፋ በ2005 ጥያቄውን ገለበጠው። ስትሪንግ ንድፈ ሐሳብ ምን ምን ይፈቅዳል ከማለት ይልቅ ምን ይከለክላል አለ። በወረቀት ላይ እንከን የሌላቸው፣ ከኳንተም ስበት ጋር ግን ሊታረቁ የማይችሉ ንድፈ ሐሳቦች የሚጣሉበትን ክልል ስዋምፕላንድ፣ ረግረጉ፣ ብሎ ሰየመው። በሰኔ 2018 ኦቢድ፣ ኦጉሪ፣ ስፖዲኔይኮ እና ቫፋ እርስዎ ያነበቡትን ሕግ በቀመር አስቀመጡት፤ ከፍታው ከዜሮ በላይ በሆነበት ቦታ ሁሉ የተዳፋት ጥምርታው ከአንድ የተወሰነ ቁጥር አያንስም፤ ያም ቁጥር በ1 አካባቢ ነው። ይህ እውነት ከሆነ ቋሚ ጥቁር ኃይል የለም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ይሰመርበት፤ ይህ መላምት ነው። ከብዙ ምሳሌዎች የተቃረመ እንጂ ከመነሻ መርሖች የተረጋገጠ አይደለም። በተለምዶ «ሕግ» ብለን ስንጠራው ራሳችንን እያሞካሸን ነው፤ እኔም በዚህ ጽሑፍ የምጠራው ለአጭርነት ብቻ ነው።

መላምቱ በተወለደ በወራት ውስጥ አደጋ ደረሰበት፤ አደጋው የመጣው ደግሞ ማንም ካልጠበቀው አቅጣጫ ነው። ዴኔፍ፣ ሄበከር እና ራዘ ለቅንጣቶች ክብደት የሚሰጠውን ሂግስ መስክን ጠቀሱ። ሂግስ መስክ ዜሮ በሚሆንበት ቦታ ላይ ኮረብታው ጫፍ አለው። ጫፉ ላይ የሂግስ ተዳፋት ዜሮ ነው፤ ከፍታው ግን በግምት 100 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት (የቅንጣት ፊዚክስ የኃይል መለኪያ) አራት ጊዜ ተጽፎ እርስ በርሱ ሲባዛ የሚወጣው ነው። የዛሬው ጥቁር ኃይል ተንሸራታች መስክ ነው ብንልና ተዳፋቱን ብናበድረው እንኳ፣ ያ ተዳፋት ከሚፈለገው በ10⁵⁵ እጥፍ ገደማ ያንሳል። በላቦራቶሪ የተረጋገጠ ነገር ከመላምት ጋር ሲጋጭ የሚሸነፈው የትኛው እንደሆነ ግልጽ ነው። በዚያው ዓመት ሕጉ ተለሳለሰ። አዲሱ ቅጂ እንዲህ ይላል፤ ወይ ተዳፋቱ በቂ ይሁን፣ ወይም ተዳፋቱ ጠፍቶ ጫፍ ላይ ከተገኘን ጫፉ ወደ ታች በኃይል የጎበጠ፣ ኳስ ሊያርፍበት የማይችል ይሁን። ሂግስ በዚህኛው በር በቀላሉ ያልፋል።

አሁን ወደ ዛሬው ጽንፈ ዓለም። ጥቁር ኃይል ከጠቅላላው ኃይል 70 በመቶ ገደማ ይይዛል፤ በፕላንክ አሃድ ሲጻፍ 10⁻¹²² አካባቢ ነው። ተመልካቾች የሚለኩት የግፊቱንና የእፍጋቱን ጥምርታ ነው፤ ኃይሉ ቋሚ ከሆነ ይህ ጥምርታ በትክክል −1 ይሆናል። መስኩ ለቢሊዮን ዓመታት ተይዞ ቆይቶ በቅርቡ መንሸራተት የጀመረ ከሆነ፣ ከ−1 ያለው ርቀት በግምት የተዳፋት ጥምርታው በራሱ ተባዝቶ፣ እንደገና በ0.15 ሲባዛ የሚወጣው ነው። ተዳፋቱ 0.6 ቢሆን −0.95 አካባቢ እናገኛለን፤ 1 ቢሆን −0.85። በ2018 የነበረው መረጃ ተዳፋቱን ከ0.6 ብዙም እንዲያልፍ አልፈቀደም። ሕጉ «በ1 አካባቢ» ስለሚል 0.6ን ልንምረው እንችላለን። ለጥቂት ይቀራረባል ያልኩት ይህን ነው።

ከዚያ ዴዚ መጣ። ይህ መሣሪያ አሪዞና ውስጥ በኪት ፒክ ባለው፣ 4 ሜትር ስፋት ያለው መስታወት በተገጠመለት ሜያል ቴሌስኮፕ ላይ ተጭኖ፣ በ5,000 የብርሃን ክሮች የጋላክሲዎችን ርቀት ይለካል። በመጋቢት 2025 ይፋ የሆነው ሁለተኛው ውጤት ከ14 ሚሊዮን በላይ ጋላክሲዎችና ኳዛሮች ላይ የተመሠረተ ነው። ከጽንፈ ዓለም ልጅነት ከቀረው ጥንታዊ የማይክሮዌቭ ጨረርና ከሱፐርኖቫ (የሚፈነዱ ከዋክብት) መረጃዎች ጋር ሲጣመር፣ የሚለዋወጥ ጥቁር ኃይል ከቋሚው ይልቅ ይመረጣል፤ ብልጫው እንደተመረጠው የሱፐርኖቫ ስብስብ ከ2.8 እስከ 4.2 ሲግማ (ውጤቱ የአጋጣሚ አለመሆኑ የሚለካበት ደረጃ) ይደርሳል። ግኝት ለማለት የምንጠይቀው 5 ነው። ስብስቡ ሲቀየር ይህን ያህል የሚወዛወዝ ውጤት ደግሞ ጥርጣሬን ይጋብዛል፤ ሱፐርኖቫዎች በጥንቃቄ ካልተስተካከሉ ብሩህነታቸው ሊያሳስት ይችላል።

ደጋፊዎች ዘለው የሚያልፉት ሌላ ነገር አለ። ውጤቱ ቃል በቃል ከተወሰደ፣ ጥምርታው ዛሬ ከ−1 በላይ ሲሆን ከ4 ቢሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ግን ከ−1 በታች ነበር ይላል። ከ−1 በታች ማለት ጽንፈ ዓለም ሲሰፋ የኃይሉ እፍጋት ይጨምር ነበር ማለት ነው፤ ኳሱ ሽቅብ ይወጣ ነበር እንደማለት ነው። ተራ ተንሸራታች መስክ ይህን ከቶ አያደርግም። የሕጉ ደጋፊ የሚፈልገው ተንሸራታች መስክ ከሆነ ዴዚ የሰጠው በትክክል እሱን አይደለም። ምናልባት ተመራማሪዎች መረጃውን የሚገጥሙበት ቀላል ባለ ሁለት ቁጥር ቀመር ያመጣው ውጤት ይሆናል፤ ምናልባት ጥቁር ኃይልና ጥቁር ቁስ እርስ በርስ ኃይል ይለዋወጡ ይሆናል። የሁለቱም ሐሳቦች ስሌቶች ወጥተዋል፤ ገና አልተፈረደም።

ሁሉም ተጣርቶ ጥቁር ኃይል በእርግጥ እየተዳከመ ነው ቢባልስ? ተንሸራታች ጥቁር ኃይልን ራትራ እና ፒብልስ፣ በሌላ በኩልም ቬተሪክ፣ በ1988 ያለ ምንም ስትሪንግ አቅርበውታል። ስለዚህ ዜናው ስትሪንግን ከሌላው ለይቶ አያነግሥም። በተቃራኒው ኃይሉ ፍጹም ቋሚ ሆኖ ቢገኝ የሚጎዳው መላምቱ ነው፤ ስትሪንግ ንድፈ ሐሳብ ራሱ ወደ 2003ቱ ዘዴ ማፈግፈግ ይችላል። ይህ ለንድፈ ሐሳቡ ምቾት፣ ለፈታኙ ደግሞ ብስጭት ነው። እውነቱን ለመናገር እኔንም ያበሳጨኛል።

ወደ ግሽበት እንሂድ፤ ሒሳቡ እዚህ ላይ የበለጠ ስለት አለው። ጉት በ1981፣ ከዚያም ሊንዴ፣ እንዲሁም አልብሬክት እና ስታይንሃርት በ1982 ያቀረቡት ሐሳብ ጽንፈ ዓለም በመጀመሪያዋ ቅጽበት በአንድ መስክ ኃይል እየተገፋ እጅግ በፍጥነት ተለጠጠ ይላል። መለጠጡ ቢያንስ ከ50 እስከ 60 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ በ2.7 እጥፍ መሆን አለበት። ግሽበቱ የስበት ሞገድ ያስነሣል፤ ሞገዱ በጥንታዊው ጨረር ፖላራይዜሽን ላይ አሻራ ይተዋል። የሞገዱ ብርታት ከቁስ መዋዠቅ ጋር ሲነጻጸር የሚወጣው ጥምርታ፣ እንደ ባይሴፕና ኬክ ቡድን የ2021 ውጤት፣ በ95 በመቶ እርግጠኝነት ከ0.036 በታች ነው።

ይህን ቁጥር ይያዙና ለ8 ያካፍሉት፤ 0.0045 ይሆናል። ዳግም ዘሩን ያውጡ፤ 0.067። በአንድ መስክ የሚነዳ ተራ ግሽበት ከነበረ የዚያ ዘመን የተዳፋት ጥምርታ ከዚህ አይበልጥም። ሕጉ የጠየቀው 1 ነው። በ15 እጥፍ ሳተ ማለት ነው። የተለሳለሰው ቅጂ በሁለተኛው በር ያሳልፈው ይሆን? የጎበጣውንም መጠን እናውቃለን። ፕላንክ ሳተላይት የለካው የመዋዠቅ ዝንባሌ 0.965 ነው፤ ከ1 የሚጎድለው 0.035፣ ተዳፋቱ ቸል የሚባል ሲሆን የጎበጣው ሁለት እጥፍ ነው። ስለዚህ ጎበጣው 0.0175 ብቻ ይሆናል፤ በሩ የሚጠይቀው ግን እንደገና 1 አካባቢ ነው። ግሽበት በየትኛውም በር አያልፍም። ለአንዱ ዘመን ምስክር፣ ለሌላው ከሳሽ የሚሆነው ስለዚህ ነው፤ የዛሬው ጥቁር ኃይል ገና አንድ ጊዜ እንኳ በ2.7 እጥፍ ስላልለጠጠን ተዳፋቱ ጉልህ ቢሆንም ይቻለዋል፤ ግሽበት ግን 60 ጊዜ እንዲቆይ ሜዳ መሰል ተዳፋት ያሻዋል።

የመስኩ ጉዞም በዚሁ ቁጥር ይሰላል። 0.067ን በ60 ብናባዛው 4 የፕላንክ አሃድ ይሆናል። ኦጉሪ እና ቫፋ በ2006 ያቀረቡት የርቀት መላምት፣ አንድ መስክ ከ1 አሃድ በላይ ሲጓዝ ቀድሞ ከባድ የነበሩ ማለቂያ የሌላቸው ቅንጣቶች ክብደታቸው በፍጥነት እየቀለለ መጥተው የያዝነውን ሒሳብ ያፈርሱታል ይላል። በ4 አሃድ ክብደታቸው ከ17 እስከ 55 እጥፍ ይቀላል፤ ያስጨንቃል እንጂ አይገድልም። የስበት ሞገዱ ጥምርታ 0.001 ቢሆን ደግሞ ጉዞው 0.67 ብቻ ነው፤ ክሱ በራሱ ይወድቃል። ስለዚህ ከሁለቱ መላምቶች ከባዱ የተዳፋቱ ነው፤ የርቀቱ ግን የተሻለ መሠረት አለው፤ ብዙ ባለሙያዎች የሚያምኑትም እሱን ነው።

ማምለጫዎቹ ጥቂት አይደሉም። ሁለትና ከዚያ በላይ መስኮች ካሉ ኳሱ በገደል ዳር እየታጠፈ ሊጓዝ ይችላል፤ ያን ጊዜ የ0.067 ስሌት አይሠራም። ከሁሉ ይልቅ የማምንበት ግን ሕጉን ራሱን ማጥበብ ነው፤ የሚጸናው በመስኮቹ ክልል ጠርዝ፣ ጥቅሎቹ እጅግ በሰፉበት፣ ብቻ ነው ማለት። በ2019 ቤድሮያ እና ቫፋ ይህን በሌላ መንገድ አገኙት። ከፕላንክ ርዝመት ያነሰ መዋዠቅ በመስፋፋቱ ተለጥጦ ከአድማስ ውጭ ሊወጣ አይገባም አሉ። ከዚህ የሚከተለው በጠርዙ ላይ ያለው ዝቅተኛ ተዳፋት 0.82 ነው። በመሐል ክልል ደግሞ ሜዳም ሸለቆም ይፈቀዳል፤ ግን ለዘላለም አይቆይም። እንደዛሬው ላለ ጥቁር ኃይል የዕድሜ ጣሪያው በ2 ትሪሊዮን ዓመታት አካባቢ ነው። ማንም ሊጠብቀው አይችልም።

ለግሽበት ግን ይህ መርሕ ምሕረት የለውም። ከግሽበት በኋላ የተለመደው ታሪክ ከተከተለ፣ የግሽበቱ የኃይል ደረጃ ከ10⁹ ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት በታች፣ የስበት ሞገዱ ጥምርታም ከ10⁻³⁰ በታች ይሆናል። በሌላ አነጋገር፣ የትኛውም መሣሪያ ምንም አያይም ማለት ነው። 0.01 የሆነ ጥምርታ ቢታይ የኃይል ደረጃው 10¹⁶ ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ስለሚሆን መርሑ በአንድ ቀን ከነቀላል ቅጂዎቹ ይወድቃል። ጃፓን መራሹ የላይትበርድ ሳተላይት ዕቅድ 0.001 ድረስ ለመለካት ያለመ ነው፤ ቺሊ በአታካማ በረሃ ያለው ሳይመንስ ኦብዘርቫቶሪም ይህንኑ አሻራ ይፈልጋል። እነሱ ባዶ እጃቸውን ቢመለሱ መርሑ ተረፈ እንጂ ተረጋገጠ አይባልም።

ጠረጴዛ ላይ የሚፈተንም ነገር አለ፤ ባይጠይቁኝም ልጨምረው። ሞንቴሮ፣ ቫፋ እና ቫሌንዙኤላ በ2022 የጥቁር ኃይል ትንሽነት ራሱ ጠርዝ ላይ መሆናችንን ያሳያል አሉ፤ በዚያም ከተጠቀለሉት ዳይሜንሽኖች አንዱ ሰፋ ብሎ ከ0.1 እስከ 10 ማይክሮሜትር ይደርሳል። እንዲህ ከሆነ የኒውተን የስበት ሕግ በዚያ ርቀት ላይ ይዛነፋል። የዋሺንግተን ዩኒቨርሲቲ ቡድን በ2020 በክር በተንጠለጠለ የጠመዝማዛ ሚዛን እስከ 52 ማይክሮሜትር ፈትኖ ምንም መዛነፍ አላገኘም፤ ከ30 ማይክሮሜትር የሰፋ አንድ ብቸኛ ዳይሜንሽንንም ውድቅ አድርጓል። ከ30 ወደ 10 ለመውረድ አዲስ አፋጣኝ ማሽን አያስፈልግም፤ የኤሌክትሪክ ንክኪንና ንዝረትን አሁን ካለው በተሻለ መቆጣጠር ይበቃል። ከሦስቱ ፈተናዎች ስትሪንግን ከሌሎች ንድፈ ሐሳቦች ለይቶ ወደ መጠቆም የሚቀርበው ይህ ነው።